የሐይቅ ዳር ማደሪያ ለመንገደኛ ቤተ ሰብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ቤተ ሰብ፥ ዘመድ ለመጠየቅ ይሁን በዓል ለማክበር፥ ወይም ልጆቹ በትምህርት ቤት ዕረፍታቸው አገራቸውን እንዲያዩ፥ ሞጆን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲገባ በመኪናው ውስጥ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አባት ላንጋኖ እንደር ይላል፤ ልጆቹም ዋናውን እያሰቡ ከእርሱ ጋር ያብራሉ። እናት ግን ማግሥቱ እሑድ መሆኑን ታስባለችና ሐዋሳ ደርሰን ቅዱስ ገብርኤል ብናስቀድስ ትላለች። ከኋላ የተቀመጡት አያትም፦ «ልጆቼ፥ እኔስ ዝዋይ ላይ ብታሳርፉኝ፤ ደብረ ጽዮንን ሳልሳለም ማለፍ ደስ አይለኝም» ይላሉ።

ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩ ግን በዚያ ሰዓትና በዚያ ስፍራ መነሣት አልነበረበትም። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚመረጥ ማደሪያ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በድካም ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ወይ መጀመሪያ ባገኘው ደጃፍ ይገባል፥ ወይ «ትንሽ እንገስግስ» እያለ ጨለማ ላይ ይወድቃል። በዚህ አገር ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንዳት ምን ማለት እንደ ሆነ ያየ ያውቀዋል፤ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ፥ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፥ ባጃጅ፥ በጠርዙ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና፥ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ይህ ጭንቅ ቀላል ነው፤ ከእርሱ ሲወርዱ ግን እንደ ነበረ ይጠብቃል። ስለዚህ ጓዝ ከመታሰሩ በፊት፥ በቤት ሳለን፥ ስለ ማደሪያው ብንነጋገር መልካም ነው።

አስቀድሞ ርቀቱን በልብ መያዝ ይጠቅማል። ዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ ተብላ የምትጠራው ከተማ፥ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ላንጋኖ 200፥ ሻሸመኔ 250፥ ሐዋሳም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። እንግዲህ በማለዳ የተነሣ ሰው ሐዋሳን በቀን ይደርሳል፤ ከቀትር በኋላ የተነሣ ግን ከዝዋይ ባያልፍ ይሻለዋል። ቢሾፍቱን ከዚህ ያልቆጠርናት ውበት አንሷት ሳይሆን ገና የመዲናይቱ ደጅ በመሆኗ ነው፤ ለዚህ መንገድ ቁርስ መብያ እንጂ ማደሪያ አትሆንም።

ከሦስቱ ሐይቆች አንዱም ሁሉን አሟልቶ አይሰጥም። ዝዋይ ከተማም ሐይቅም አላት፥ ሐይቋ ግን የዋና ሐይቅ አይደለም። ላንጋኖ የሚዋኙበት የአሸዋ ዳርቻ አለው፥ ከተማ ግን የለውም። ሐዋሳ ከተማም ዳርቻም ቤተ ክርስቲያንም ይዛ ሳለ ውሃዋ ልጆች የሚንቦጫረቁበት አይደለም። ይህን ያወቀ ቤተ ሰብ ክርክሩን በግማሽ ጨርሷል።

ከዝዋይ እንጀምር፤ አያት የጠየቁት እርሱን ነውና። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ነው፥ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው ስፍራ ከ10 ሜትር በታች ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይመግቡታል፥ ትርፉም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ጽዮን ትለዋለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ ደሴት ተሸሽገው 70 ዓመት ያህል እንደ ኖሩ አባቶች ሲነግሩን ኖረዋል። ብራናዎችና ንዋየ ቅድሳት በደሴቱ ተጠብቀው ቆይተዋል፤ ዛይ የሚባለውም ሕዝብ፥ በራሱ ቋንቋ የሚነጋገር፥ በዓሣ ማስገርና በሽመና የሚተዳደር ክርስቲያን ሕዝብ፥ ሃይማኖቱን በውሃ መካከል ጠብቆ ለዛሬ አድርሷል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ አክሱም ይማራሉ፤ የአክሱም ታሪክ በጀልባ የሚደረስበት እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ እንዳለው ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

በከተማው አጠገብም የዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳምና የካህናት ማሠልጠኛ ይገኛል። ይህን ስፍራ ያቀኑት የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከየአድባራቱ የመጡ ካህናትን ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በክረምት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ብዙዎች የዚያ ዘር ፍሬ ናቸው። እኒህ አባት በ1982 ዓ.ም. ያረፉት በመኪና አደጋ ነበር። ስለ መንገድ ስንጽፍ ይህን ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም።

ወደ ደሴቱ ለመሻገር የሚያስብ ግን ጉዞውን የማለዳ ሥራ ያድርገው። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፥ ማዕበሉም ለትንንሽ ጀልባዎች ይከብዳል። ቱሉ ጉዶ ሩቅ ነው፤ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከምሽቱ ደርሶ «ነገ ቁርስ ሳንበላ ተሳልመን እንመለስ» የሚል ሰው አስቦ ይናገር። ሕፃን ልጅ የያዘ ወላጅ በልጁ ልክ የተሰፋ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈር። ጀልባዋ ሞልታ ከታየችም፥ ባለ ጀልባው «ግድ የለም» ቢል እንኳ፥ ሁለተኛዋን መጠበቅ ነውር አይደለም። ለአያት ደግሞ ወገባቸው ጀልባውንና የደሴቱን ዳገት የሚችል መሆኑ ይታሰብ፤ ካልሆነ በሐመረ ብርሃን ተሳልመው ከሐይቁ ዳር ሆነው ደሴቶቹን ቢያዩ ልባቸው ይረካል።

አሁን ልጆቹ ወደሚጓጉለት ወደ ላንጋኖ እንለፍ። ውሃው ደፍርሶ የሻይ መልክ ስላለው አንዳንድ እናቶች ቆሻሻ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይከለክላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መልኩ ከደለሉ የመጣ ነው። ላንጋኖ ከብልሃርዚያ ነጻ የሆነ ሐይቅ ተብሎ ሲታወቅ ኖሯል፤ ጥርት ብለው የሚያምሩት ሌሎቹ ውሆች ግን እንዲህ አይነገርላቸውም። በዝዋይም በሐዋሳም የብልሃርዚያ በሽታ ይገኛል። በሽታውን የሚያመጣው ትል በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ አድሮ ያድጋል፥ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የቆመን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ዘልቆ ይገባል፤ አፍ መክፈት፥ ውሃ መጠጣት አያስፈልገውም። ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙትም ልጆች ለመጫወት የሚመርጡት፥ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ነው። ከውሃ ሲወጡ በፎጣ ፈጥኖ ማድረቅ የታመነ መከላከያ አይደለም። ልጅ በእንዲህ ያለ ውሃ ገብቶ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ የሰገራ ምርመራ ማስደረግ ይገባል፤ መድኃኒቱ ቀላልና የታወቀ ነው፤ የሚከፋው ሳይታወቅ ለዓመታት የኖረው ነው።

ከትሉ ይልቅ የምንፈራው ግን ውሃውን ራሱን ነው። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፤ ዋና ሳንማር አድገናል፥ ልጆቻችንንም አላስተማርንም። ላንጋኖ ደግሞ ከዳሩ ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ በመካከሉ ከ40 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ድፍርስ ስለ ሆነም ከጉልበት በታች ያለው መሬት አይታይም፥ የሰመጠም ቶሎ አይገኝም። ብዙ ወላጅ ልጁ ቢቸገር የሚጮኽለት ይመስለዋል። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ ትንፋሹን ሊያገኝ ሲታገል ድምፅ የለውም፥ እጁንም ለማውለብለብ አይችልም፤ ሰው በሞላበት ዳርቻ፥ ከእናቱ አሥር እርምጃ ርቆ፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ልጆች ውሃ ውስጥ ባሉ ጊዜ ከአዋቂዎቹ አንዱ ጠባቂ ሆኖ በስም ይሰየም። «ሁላችንም እናያቸዋለን» የሚባለው ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ጠባቂው ስልኩን ለሌላ ይስጥ፥ ጨዋታም አይጀምር፤ በግማሽ ሰዓት ይቀየር። ትንንሾቹ ከወገባቸው በላይ አይግቡ፥ የሚጠብቃቸውም እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ስፍራ አብሮ ውሃው ውስጥ ይቁም። በአየር የተነፋ ጎማና መጫወቻ ነፋስ ወደ መካከል ይወስደዋልና ለሕፃን መተማመኛ አይሆንም። አዋቂዎችም ምሳ ላይ ቢራ ቀምሶ ወደ ውሃ መመለስን ይተዉ። በየሐይቆቹ ጉማሬ አይጠፋምና፥ የት እንደሚዋኙና የት እንደማይዋኙ የስፍራውን ጥበቃ መጠየቅ ዕፍረት የለውም።

ስለ መታጠቢያ ልብስ አንዳንድ ጊዜ እንጠየቃለን። አካልን የሚሸፍን ለውሃ የሚሆን ልብስ ዛሬ በገበያ አለ፤ ሴቶች ልጆቻችን ሳይሳቀቁ እንዲማሩ እርሱን ገዝቶ መስጠት «አንቺ ከዳር ቁጭ በይ» ከማለት የተሻለ ነው። ቀሚስና ነጠላ ለብሶ ወደ ጥልቅ ውሃ መግባት ግን ጨዋነት ቢመስልም አደገኛ ነው፤ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፥ በእግርም ይጠመጠማል።

ላንጋኖ ለአዳር ያለው ጉድለት ሌላ ነው። መዝናኛዎቹ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው በየዳርቻው የተበተኑ ናቸው፤ ሌሊት ልጅ ቢታመም ሐኪም ከደጅ አይገኝም፥ ለእሑድ ቅዳሴም ገና በጨለማ ተነሥቶ ወደ አንዱ ከተማ መንዳት ያስፈልጋል። የቅዳሜ ሌሊት ዘፈንም በአንዳንዱ ስፍራ እስከ ንጋት ይዘልቃል፤ አያት ያሉበት ቤተ ሰብ ይህን ጠይቆ ይግባ።

ሐዋሳ ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ከተማ ናት፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሳሉ የተቆረቆረች ናት። መንገዷ ሰፊ፥ ጥላዋ ብዙ፥ ለእግረኛም የተመቸች ናት። የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በከተማው መካከል ነው፤ ከየትኛውም ማደሪያ አያትን ይዞ ሳይጣደፉ ይደረሳል። ጠዋት በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሲያራግፉ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጎብጠው በሰው መካከል ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የጠራው እንዲህ ካለ ሥራ ላይ እንደ ነበር ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም፤ መረቡም፥ ጀልባውም፥ የአስጋሪው የረጠበ እጅም ከፊቱ ነው። በዚያ ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ይታያሉ፤ ለልጅ ግን በደንብ የበሰለው ይቅረብለት።

እንግዲህ እኛ ብንጠየቅ ምን እንመርጣለን? ዳርቻውና አልጋው በአንድ ስፍራ መሆን አለባቸው ያለው ማን ነው? የክርክሩ ሥር ይህ ይመስለናል። በማለዳ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሣ ቤተ ሰብ አራት ሰዓት ገደማ ላንጋኖ ይደርሳል። በዚያ የቀን ብቻ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎ፥ ነፋሱ ሳይበረታ ልጆቹ ይዋኛሉ፥ ከአገልግሉ ምሳ ይበላል፥ በስምንት ሰዓትም መኪናው ይነሣል። ሐዋሳ የሚቀረው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአሥር ሰዓት ተደርሶ ልጆቹ ይታጠባሉ፥ አያት ጋደም ይላሉ፥ ማታም በፍቅር ሐይቅ ዳር ጥቂት ይናፈሳል። በማግሥቱ ቅዳሴ አስቀድሶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ይርጋለም ወይም ወደ ዲላ መቀጠል ነው። ይህን ስንል የአያትን ልመና አልዘነጋንም፤ ዝዋይ የመልሱ ጉዞ ማደሪያ ትሁን። ያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ አጭር ስለ ሆነ ግማሽ ቀን ለደሴቱ መስጠት ይቻላል።

ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ግን ይህን ምክር እንዳለ አይውሰድ። መንገዱ በሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ ይታጠፋልና ሐዋሳ ለእርሱ 25 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ያንኑ መመለስ ነው፤ ለእሑድ ቅዳሴ ከሆነ ዋጋ አለው፥ ለአዘቦት ሌሊት ግን በሻሸመኔ ማደር ወይም ከዝዋይ ገስግሶ መነሣት ይቀላል። የታኅሣሥና የሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል በሚውልበት ሰሞንም ሐዋሳ በምእመናን ትሞላለች፤ አስቀድሞ አልጋ ያልያዘ ሰው ከነልጆቹ በረንዳ ለበረንዳ መንከራተቱ ነው። እንዲህ ያለው ዝዋይ አድሮ በሌሊት ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ ቢነሣ ይሻለዋል። የመንገዱንም ጸጥታ በዋዜማው ከዚያው አገር ሰው ጠይቆ መነሣት በዚህ ዘመን የሁላችን ግዴታ ሆኗል።

የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ በሐይቅ ዳርም የሚቀርበው ዓሣ ነው። ዓሣ በየትኛው ጾም ይበላል፥ በየትኛው አይበላም የሚለውን ክርክር በምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ከመጀመር ይልቅ ሳይነሡ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይበጃል። አገልግሉ በሽሮ ፍትፍትና በዳቦ ቆሎ ከተሞላ፥ በሶም ከተጨመረ፥ ጾመኛ በላንጋኖም አይቸገርም። የሚጠጣ ውሃ ይያዝ። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የአገሩ ልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ይህ የዓመታት ነገር ነውና የአንድ ሌሊት እንግዳን አያሰጋውም፤ ከቤት የመጣ ውሃ ግን የልጅን ሆድ ያሳርፋል።

ወባን ግን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን መናቅ አይገባም። ሦስቱም ስፍራዎች የወባ አገር ናቸው፥ ይልቁንም ዝናሙ ካቆመበት ከመስከረም እስከ ኅዳር። አልጋ ሲያዝ ከዋጋው በፊት አጎበር መኖሩ ይጠየቅ፤ ቀዳዳም እንደሌለው በእጅ ይታይ። ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ልጆች እጅጌው የረዘመ ልብስ ይልበሱ። ወደ ቤት ተመልሶ በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጅ ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ወደ ሐኪም ተወስዶ «ሐይቅ ዳር አድረን ነበር» ተብሎ ይነገር።

በመልሱ ከዝዋይ ዓሣ ገዝቶ ለጎረቤት መውሰድ ለሚሻ፥ የዚያን ዕለት ማለዳ የተሰገረውን ይምረጥ፤ ዓይኑ ያልደበዘዘ፥ ስንጥቡ ቀይ የሆነ። ቆሮሶ ለጥብስ፥ አምባዛ ለወጥ ይሆናል። እዚያው ሆዱ ተጠርጎ በበረዶ ይታሸግ፤ በረዶ ካልተገኘ ግን ጎረቤቱ በሌላ ጊዜ ይበላል።